በጀቱ ጸድቋል፤ ችግኙስ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን አሁን አንብቤ ጨርሻለሁ። ገቢና ወጪው ታርቋል፣ ደረሰኙ ተሟልቷል፣ የውጭ ኦዲተሩም ያለ አስተያየት ፈርሟል። በሌላ ዓመት ቢሆን እዚህ ላይ ወረቀቴን አጥፌ እቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን ጥቂት ደቂቃ እንዲጨምሩልኝ ለምኛለሁ። በዚያ ሪፖርት ውስጥ ቁጥሩ ትክክል የሆነ፣ ነገሩ ግን ትክክል ያልሆነ አንድ መስመር አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝና ማስረዳትም ያለብኝ እኔ ነኝ።

መስመሩ እንዲህ ይላል፤ «በእንጦጦ ተዳፋት የችግኝ ተከላ፤ ክንውን 100 በመቶ።» ይኸው መስመር ጥር ላይ ለለጋሾቻችን በላክነው ሪፖርትም ውስጥ አለ። አምና ሐምሌ ላይ ሁላችንም ነጠላችንን አስረን፣ ጭቃውን ችለን ወጥተን እንደተከልን ታስታውሳላችሁ። ዳቦና ቆሎ ቀምሰን፣ ፎቶ ተነሥተን ወረድን። እኔም ቢሮ ገብቼ የተገዛውን ችግኝ ከተተከለው ጋር አመሳከርኩ፤ እኩል ሆነ፤ 100 በመቶ ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አልጻፍኩም። ነገር ግን ተራራው ላይ ተመልሼ አላየሁም።

ያየሁት ዘንድሮ ግንቦት ላይ ነው። አብረውኝ የወጡት በወጣትነታቸው ከዚያው ተራራ እንጨት እየተሸከሙ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናታችን ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉምና እማማ ብቻ ልበላቸው። በአንድ መስመር ላይ 50 ጉድጓድ ቆጠርን። ችግኝ ቆሞ ያገኘነው በ17ቱ ብቻ ነው። በቀሩት ጉድጓዶች በአንዳንዱ የደረቀ እንጨት፣ በአንዳንዱ የከብት ኮቴ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ምንም የለም።

እማማ ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ነካኩና፣ «ልጄ፣ ውሃ የሚያጠጡትን ልጆች ማን አስቆማቸው?» አሉኝ።

«በጀቱ አልቆ ነው እማማ» አልኳቸው።

«በጋውስ አልቆ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለዚያች ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

በእኛ በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ «ጸደቀ» የሚለው ቃል ለበጀት ነው የሚውለው። ቦርድ ይሰበሰባል፣ ማኅተም ይመታል፣ በጀቱ ጸደቀ ይባላል። ገበሬ ግን ይህንኑ ቃል ለተከለው ነገር ይለዋል። ሥር ይዞ፣ በጋውን አልፎ፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ያን ጊዜ ጸደቀ ይላል። የእኛ በጀት በአንድ ቀን ጸድቋል። ችግኛችን ግን የሚጸድቅበትን ጊዜ አላገኘም። ምክንያቱም የገንዘቡ ዓመትና የዝናቡ ዓመት አልገጠሙም።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። የፕሮጀክታችን ዘመን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የሚዘጋው ዲሴምበር 31፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ነው። ችግኝ የምንተክለው ሐምሌ ላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ውሃ የሚያጠጣው ሰማዩ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ ዝናቡ ይቆማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እንጦጦ ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ከዚያ ጥቂት የበልግ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ያ ሥሩ ገና ስንዝር ያልሞላ ችግኝ የሚጠጣው የለውም። በዚያው ወቅት ሌላው ሣር ሁሉ ስለሚደርቅ ከብትና ፍየል ወደ ለጋው ችግኝ ይዞራል። እንግዲህ ጥበቃና ውሃ አጠጪ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ልክ በታኅሣሥ 22፣ እኔ ራሴ «የበጀት ዘመኑ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ሰባት ሴቶችን ከሥራ አሰናበትኩ። ዝናብ ሲዘንብ ከፍለናል፤ ዝናብ ሲቆም መክፈል አቁመናል።

ይህ ተራ የአሠራር ጉድለት ቢሆን ኖሮ በቢሮ አስተካክዬው ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ያ ተራራ ለዚህች ከተማ ምን እንደሆነ፣ ለእኛ ለሴቶች ደግሞ ምን እንደነበረ ሳስበው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለሙያዎች ከተማን ከብቦ የሚቆመውን ደን አረንጓዴ ቀበቶ ይሉታል። እኔ መቀነት ብለው እወዳለሁ። መቀነት ለምን እንደሚታጠቅ ማንም ሴት ታውቃለች። ወገብ ይደግፋል፤ ሸክም ሲከብድ ያጸናል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የቤት ገንዘብ ይቋጠርበታል። የአዲስ አበባ መቀነት እንጦጦ ነው። ይህ መቀነት አንድ ጊዜ ተበጥሶ ያውቃል።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ሲሉት፣ ቤተ መንግሥቱ ገና እንጦጦ ላይ ነበር። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ለቤት ማገርና ለማገዶ እየተቆረጠ ከተማዋ ስታድግ ደኑ አለቀ። ያን ጊዜ ከተማ ማለት ማገዶ ባለበት የሚሰፍር፣ ማገዶ ሲያልቅ የሚነሣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም ዋና ከተማቸውን በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ባለችበት እንድትቀር ከረዷት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ ከውጭ የገባ ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንጦጦን አለበሰው።

ስለዚህ ባሕር ዛፍን ለመውቀስ አይደለም የቆምኩት። አጣናው የስንቶቻችንን ቤት አቁሟል፤ ቅጠሉ የስንቶቻችንን ምጣድ አስምቷል። ነገር ግን ባሕር ዛፍ የተተከለው ማገዶና አጣና እንዲሆን ነው፤ የጥድን ሥራ እንዲሠራ አልነበረም። ውሃ በብዛት ይጠጣል። ቅጠሉ ዘይት ስላለው በሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። የወደቀውን ቅጠል ደግሞ እኛው ለማገዶ ጠርገን እንወስደዋለን። አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። የሐምሌ ዝናብ በራቁት ተዳፋት ላይ ሲወርድ ወደ መሬት አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ ይሮጣል።

የት ይሮጣል? ቀበናና ቀጨኔ የሚነሡት ከዚያ ተራራ ነው። ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባሉ። በተራራው ሰሜን በኩል የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ዓባይ ይሄዳል። እንጦጦ ላይ የሚዘንብ ዝናብ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ድርሻ ነው ማለት ነው። ደኑ ሲሳሳ ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ የደረቀ ምንጭ ይሆናል። በወንዝ ዳር ጭቃ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አባሎቻችን ነሐሴ ሲመጣ ልጆቻቸውን አልጋ ላይ አውጥተው ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚያነጉበት አንዱ ምክንያት ያ ተራራ ላይ ነው ያለው።

የአገር በቀሉ ደን ሥራ ሌላ ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ብቻቸውን አይቆሙም። በሥራቸው ቀጋ፣ አጣጥ፣ እንዶድና ሣር ይበቅላል። ዝናቡ መጀመሪያ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦውን፣ ቀጥሎ ሣሩን እየመታ ረጋ ብሎ አፈር ውስጥ ይገባል። በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ደግሞ ነዋሪዎች አሉ። በሳይንስ ስሟ ፓሮፋስማ ጋሊኔሪ የተባለች ግራጫ ወፍ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ የምትኖረውም ጥቅጥቅ ባለ የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ቁጥቋጦ በሌለበት ደን እሷ የለችም። በየጣሪያችን የምናያት አንገቷ ላይ ነጭ ያላት እርግብም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አገር የላትም። ድኩላውም መሸሸጊያ የሚሆነው ጥሻ ይፈልጋል።

ይህን ስል ከእናንተ መካከል «ልጆቼ ሳይበሉ ስለ ወፍ ታወሪኛለሽ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ወፏ የምትኖርበት ቁጥቋጦ የእኛም ጓዳ ነበር ነው። ማሰሮና ቅል የምናጥነው በወይራ ነው። ጋን የምናጥበው በግራዋ ነው። ጠላና ጠጅ ያለ ጌሾ አይሆንም። ኮሶ ለሆድ ትል ስንት ዘመን ተጠጥቷል፤ አበባውም ለንብ ነው። እንዶድንማ ምን እላችኋለሁ! ሴቶች ለዘመናት ነጠላ ሲያጥቡበት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለውበታል። ዓለም ያደነቀው ያ ዕውቀት የተጀመረው ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች እጅ ነው። ቁጥቋጦው ሲጠፋ ወፏ ብቻ አይደለችም የምትጠፋው።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልምጣ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሞ መውረድ ምን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የምታውቁ አላችሁ። ሌሊት ተነሥቶ መውጣት፣ ከጥበቃ እየተደበቁ መልቀም፣ ከዚያ ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሚሆን ሸክም በጀርባ አስሮ፣ ጎንበስ ብሎ ያን ቁልቁለት መውረድ። ብዙዎቹ የተሸከሙት ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ነው። ተሸካሚዎቹ በብዛት ሴቶች ናቸው። በከተማችን ከዚህ ሥራ የወጡ ሴቶች ማኅበር መሥርተው ወደ ሽመና ሥራ እንደገቡ ታውቃላችሁ፤ ይህ የሚያሳየው መንገድ ከተገኘ ሸክሙን በፈቃዷ የምትመርጥ ሴት እንደሌለች ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ደን በሚጻፈው ወረቀት ላይ እነዚህ ሴቶች የሚመዘገቡት በየትኛው መደብ ነው? በጉዳት መደብ ነው። «ሕገ ወጥ ቆራጭ» በሚለው ሥር። ተራራውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። እማማ ያን ቀን ከጉድጓዶቹ ውስጥ ሦስቱን አሳይተው፣ «ይህ ቦታ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ጥድ አይወድም። እዚያ ከድንጋዩ ሥር ብትተክሉት ኖሮ ውርጩም አያገኘውም ነበር» አሉኝ። ይህን ምክር ከሐምሌ በፊት ማንም አልጠየቃቸውም። እኛም የሴቶች ማኅበር ሆነን አልጠየቅናቸውም።

አረንጓዴ መቀነት መልሶ ማልማት ይቻላል ወይ ላላችሁ፣ ይቻላል። በከተማችን ሰሜን ምዕራብ ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር አብረው ያቋቋሙት ነው። አብዛኛው ባሕር ዛፍ በነበረበት ቦታ አገር በቀል ዕፅዋት ደረጃ በደረጃ እየተተኩ ነው። ከዚያም የቆየ ምስክር አለን። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ጥድ በሰው እጅ ተተክሎ ደን የሚሆንበት ጥበብ ከውጭ የምንማረው አይደለም። የአብያተ ክርስቲያናቱን አጸድ ብቻ ተመልከቱ፤ ጥዱ የቆመው ጠባቂ ስላለው ነው።

ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ጨርሶ መመንጠር ተዳፋቱን ለጎርፍ ማጋለጥ ነው። በመስመር በመስመር እያሳሱ፣ በተገኘው ክፍት ቦታ አገር በቀሉን መትከል ይሻላል፤ የቀረው ባሕር ዛፍ ለለጋው ችግኝ ጥላና የነፋስ መከላከያ ይሆናል። የተቆረጠው ጉቶ በየጊዜው ስለሚያቆጠቁጥ ቀንበጡን ደጋግሞ መልቀም ያስፈልጋል። ቀንበጡ ደግሞ ማገዶ ነው! ይህ ለእኛ ሥራ ነው፤ ለደኑ ጥቅም ነው፤ ለቤታችንም እሳት ነው። በአንድ ወጪ ሦስት ገቢ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ሙያዬ ልመለስ። አንድ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። 20 ሺህ ብር አለን እንበል። አንዱን ችግኝ ገዝቶ ለመትከል 20 ብር ቢፈጅ 1,000 ችግኝ እንተክላለን። ሪፖርቱ ያምራል። ከእነሱ 300 ቢጸድቁ አንድ የጸደቀ ዛፍ ወደ 67 ብር ወጣበት ማለት ነው። አሁን በዚያው 20 ሺህ ብር 500 ብቻ እንትከል፤ የቀረውን ግማሽ ለውሃ፣ ለጥበቃና ለኩትኳቶ እናውለው። 400 ቢጸድቁ አንዱ ዛፍ 50 ብር ወጣበት። በሁለተኛው መንገድ የተከልነው በግማሽ ያንሳል፤ ያገኘነው ዛፍ ግን በ100 ይበልጣል፤ ዋጋውም ረክሷል። ከዚያም በላይ በሁለተኛው መንገድ ግማሹ ገንዘብ የገባው ተራራውን በሚጠብቁ ሴቶች መቀነት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ሪፖርት ግን ይበልጥ ያስጨበጭባል። «1,000 ተከልን» ከ«500 ተከልን» ይበልጣልና። እኛም ለጭብጨባው ስንሮጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሆንን፤ አዲስ ችግኝ ለመትከል ስንቸኩል አምና የተከልነውን አስበላን። ዕቁብ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ከፍሎ «ክንውን 100 በመቶ» አይልም። ዕቁቡ የሚያልቀው የመጨረሻው ዕጣ ሲወጣ ነው። ችግኝም እንደዚያው ነው፤ ቢያንስ ሦስት በጋ ማለፍ አለበት።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዘንድሮ አዲስ ቦታ አንያዝ። አምና በተከልንበት ቦታ የሞተውን ብቻ እንተካ። የተፈቀደልን የችግኝ መግዣ ገንዘብ ግማሹ ወደ እንክብካቤ ይዛወር። ይህ የጉባኤውን ድምፅ የሚጠይቅ የበጀት ዝውውር ስለሆነ በአጀንዳው ላይ አስይዤዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ቆጠራው በሐምሌ መሆኑ ይቅርና በግንቦት፣ በጋው ካለፈ በኋላ ይሁን። የሚቆጥሩትም ከቢሮ እኔ ብቻዬን ሳልሆን፣ ሦስት አባላት በዕጣ እየተመረጡ አብረውኝ ይውጡ። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ በዚህ መጽሔት ላይ ይውጣ።

ሦስተኛ፤ አምና ያሰናበትኳቸው ሰባት ሴቶች ፈቃዳቸው ከሆነ ከመስከረም እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ተመልሰው ይቀጠሩ። ቦታ መረጣው፣ የችግኝ ማፍላቱና የቀንበጥ ለቀማው በእነሱ ምክር ይሁን። ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ጋር በሚፈረመው ስምምነት ላይም የወደቀውን ቅርንጫፍና የባሕር ዛፉን ቀንበጥ የመውሰድ መብታቸው በጽሑፍ ይግባ። በዝርዝር ያልተጻፈ መብት ጥበቃ ሲቀየር አብሮ እንደሚቀየር ሁላችንም አይተናል።

አራተኛ፤ ከላይ ደኑን እየተከልን ከታች በሦስት ጉልቻ ብዙ እንጨት ማንደድ አይገጥምም። ምርጥ ምድጃ የእንጀራ ማገዶን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከተዘዋዋሪ ብድራችን ላይ ለምድጃ መግዣ የሚሆን አነስተኛ ብድር ይከፈት። ባሕር ዛፉም ሙሉ በሙሉ ይጥፋ አላልኩም። በሜዳው በኩል ለአጣናና ለማገዶ ይቆይ፤ ገደሉና የወንዙ ዳር ግን ለጥድ፣ ለኮሶና ለወይራ ይመለስ። በጥላው ሥር ጌሾ እንትከል። ጌሾ በሦስት ዓመት ውስጥ ለገበያ ቅጠል መስጠት ሊጀምር ይችላል፤ ጥዱን ለልጅ ልጆቻችን ስንጠብቅ ጌሾው ለእኛ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ለጋሾቻችንን በቀጥታ ላነጋግር፤ ድፍረት ከሆነ ይቅርታ። እስከ ዛሬ ከእናንተ የሚመጣልን ቅጽ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ተከላችሁ?» ነው። እኛም የተጠየቅነውን መለስን። ከእንግዲህ «ስንት ጸደቀ? ስንት ሴት ከእሱ ኖረች?» ብላችሁ ጠይቁን። ጥያቄውንም በሦስተኛው ዓመት ጠይቁን። ገንዘቡን በዲሴምበር 31 አትዝጉብን፤ በጋውን አሻግሩን። በሚቀጥለው ዓመት የምንልክላችሁ የተከላ ቁጥር ከአምናው ያነሰ ይሆናል። ለአለቆቻችሁ ለማስረዳት እንደምትቸገሩ አውቃለሁ፤ እኔም ይህን ንግግር ስጽፍ ድጋፉ ቢቀርብን ምን እንሆናለን ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ቢሆንም ያማረ ሪፖርት ልኬላችሁ ባዶ ጉድጓድ ላይ ከምቆም፣ ያነሰ ቁጥር ልኬላችሁ ዛፍ ሥር ብንገናኝ እመርጣለሁ። ለመምጣት ፈቃዳችሁ ከሆነ ግን በሐምሌ ለፎቶ ሳይሆን በየካቲት ኑ። ጀሪካን ይዘን እንጠብቃችኋለን።

እናቶቼና እህቶቼ፤ ያን ዕለት ስንመለስ እማማ መንገድ ላይ ቆም አሉ። ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ የኮሶ ችግኝ ነበረች፤ ከ17ቱ አንዷ። ከብት ነክሷት ጫፏ ተቆርጧል፤ ከጎኗ ግን አዲስ ቅጠል አውጥታለች። እማማ በዙሪያዋ ድንጋይ ደረደሩላት፣ ቀጋ ቆርጠው አጠሩላት። ከዚያ ከመቀነታቸው ቁራጭ ቀይ ጨርቅ አውጥተው እሾሁ ላይ አሰሩ። «ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በሌላ ቀን ስመጣ እንዳትጠፋኝ ነዋ» አሉኝ።

ማንም አልከፈላቸውም። በየትኛውም መዝገቤ ላይ ያ ቀን የለም። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አይቻታለሁ፤ አለች። ዝናቡ አግኝቷታል። ጨርቁም እንደታሰረ ነው።

የበጀት ዝውውሩ ወረቀት በጠረጴዛችሁ ላይ አለ። ዛሬ እጃችሁን ስታወጡ የምታጸድቁት በጀቱን ነው፤ ችግኙን ለማጽደቅ ደግሞ ከመስከረም በኋላ በተራ እንወጣለን። ስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ስም አለ።